ልጅ ፍለጋው ከሐላል ድንበር እንዳይወጣ



የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ (ሱ.ወ.) ምስጋና ይገባው። በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ሰላትና ሰላም ይውረድ።

በዚህ ወር በዓምዳችን ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ በብዙ ቤት ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን ከመኝታ ቤት ግድግዳ አልፎ የማይሰማ ጉዳይ ነው። ያነሳሳን ከአንዲት እህታችን የደረሰን ደብዳቤ ነው። ስሟንም አገሯንም አንጠቅስም። ደብዳቤዋንም እንዳለ አናወጣም። ፍሬ ነገሩን ብቻ እንነግራችኋለን።

እህታችን ትዳር ከያዘች 9 ዓመት ሆኗታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዘመድ ሁሉ ሆዷን እያየ «ምነው እስካሁን?» ይላት ነበር። ቆይቶ አማቷ «ወይ ውለጂ፣ ወይ ልጄን ልቀቂልኝ» አሏት። ብቻዋን ሐኪም ቤት ሄደች፤ ተመረመረች፤ «አንቺ ጤነኛ ነሽ፣ ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ» ተባለች። ባለቤቷ ለመመርመር ፈቃደኛ እስኪሆን ሁለት ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ ሲመረመር በፈሳሹ ውስጥ የዘር ፍሬ አልተገኘም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህታችን የባሏን ምስጢር ይዛ፣ «መካን» የሚለውን ስም በእሱ ፈንታ ተሸክማ ትኖራለች።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ «ገንዘብ ከተከፈለ የሌላ ሰው ዘር ወስደው የሚያስረግዙበት ቦታ አለ፤ ማንም አያውቅም፤ ልጁም ከራስሽ ማህፀን ይወጣል» አላቸው። ባለቤቷም ተስማማ። «እኔ ልጄ ነው ካልኩ ማን አይደለም ይላል?» አላት። እህታችን ደብዳቤዋን የዘጋችው እንዲህ በሚል ሐሳብ ነው፤ ባሌን እወዳለሁ፣ አላህንም እፈራለሁ፣ ልጅም እፈልጋለሁ፤ ሦስቱን እንዴት ላስታርቃቸው?

ደብዳቤውን ደጋግመን አነበብነው። ጥያቄው የእሷ ብቻ አለመሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ መልሳችንን በሰፊው ለማቅረብ ወደድን።

መውለድ አለመቻል ጥፋት አይደለም

ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር እናጽዳ። በቁርአን በሱረቱ ሹራ አላህ (ሱ.ወ.) ለፈለገው ሴቶችን፣ ለፈለገው ወንዶችን፣ ለፈለገው ሁለቱንም እንደሚሰጥ፣ የፈለገውንም መካን እንደሚያደርግ ገልጿል። አራቱም የአላህ ውሳኔዎች ናቸው። አራተኛው ከቁጣ የመጣ፣ ሦስቱ ደግሞ የጽድቅ ደመወዝ ናቸው የሚል ትምህርት የለም።

ነብዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አጥንታቸው ደክሞ፣ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ሚስታቸውም መካን ሆና ሳለ ጌታቸውን በዝግታ ተጣርተው የሕያን ተሰጥተዋል። ነብዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) እና ባለቤታቸው ሳራ ኢስሐቅን ያገኙት በእርጅና ነው። እነዚህ የአላህ ወዳጆች ናቸው። የምእመናን እናት ዓኢሻም (ረ.ዐ.) አልወለዱም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በእህታቸው ልጅ በዐብዱላህ ኢብን ዙበይር ስም «ኡሙ ዐብዱላህ» ተብለው እንዲጠሩ አደረጓቸው እንጂ፣ አንድም ቀን ስለ ልጅ አልወቀሷቸውም። ከሞቱ ከ1300 ዓመት በላይ ቢያልፍም እስከ ዛሬ ሚሊዮኖች እናታችን ይሏቸዋል። እንግዲህ አንዲትን ሴት ስላልወለደች ዝቅ አድርጎ የሚያይ ሰው ምን እያለ እንደሆነ ያስብበት።

የህክምናውም ዕውቀት ይህንኑ ያጠናክራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ የመውለድ ችግር ይገጥመዋል። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ደግሞ ከእነዚህ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ዘንድ ከወንዱ በኩል ያለ እክል፣ ብቻውን ወይም ከሚስቱ ጋር ተደምሮ፣ የችግሩ አካል ሆኖ ይገኛል። ወንዱ በመኝታ ደህና መሆኑ፣ ጉልበታም መሆኑ፣ ጢሙ ማማሩ ዘሩ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። ይሁንና በአገራችን በየቤቱ ጣት የሚቀሰረው በሴቷ ላይ ነው። ሴቷ ትመረመራለች፣ ሴቷ ትፈታለች፣ በሴቷ ላይ ሁለተኛ ትገባለች። ሁለተኛዋም ሳትወልድ ስትቀር ብቻ «ኧረ ነገሩ ከወዴት ነው?» ይባላል። ይህ ግፍ ነው። ግፍ ደግሞ በዚህ ዓለምም በአኺራም ጨለማ ነው።

መታከም ይቻላልን?

አንዳንድ ወገኖች «አላህ ከሰጠ ይሰጣል፣ መታከም ምን ያደርጋል?» ሲሉ እንሰማለን። ይህ ተወኩል አይደለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ መድኃኒቱን ሳያወርድ ያወረደው በሽታ እንደሌለ፣ የአላህ ባሮችም እንዲታከሙ አስተምረዋል። ዱዓ ማድረግና ሐኪም ዘንድ መሄድ አይጣሉም። የሚጣሉት ዱዓና ጠንቋይ ቤት ናቸው። ልጅ ፍለጋ በየጠንቋዩ ደጅ የሚንከራተት ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ኢማኑን ይዞ ለገበያ እንደወጣ ይቁጠር።

ሐኪሞች ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አንድ ዓመት አብረው ኖረው እርግዝና ካልመጣ ይመርመሩ ይላሉ። ሴቷ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ግን ስድስት ወር ካለፈ መቆየት አይገባም፤ ምክንያቱም የእንቁላሏ ቁጥርና ጤንነት ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል። በሴቷ በኩል የሚታዩት ዋና ዋና ምክንያቶች እንቁላል በየወሩ በደንብ አለመለቀቅ፣ የማህፀን ቱቦ መዘጋትና የማህፀን እክሎች ናቸው። የቱቦ መዘጋት በአፍሪካ አገሮች በብዛት የሚከሰተው በጊዜው ባልታከመ የአባላዘር በሽታ፣ ወይም ከወሊድና ከውርጃ በኋላ በሚመጣ ኢንፌክሽን ነው። በወንዱ በኩል ደግሞ የዘር ፍሬ ማነስ፣ መድከም ወይም ጨርሶ አለመገኘት አለ።

ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ምርመራው በአንድ ጊዜ ለሁለቱም ይሁን። የወንዱ ምርመራ ቀላልና ርካሽ ነው፤ የሴቷ ከባድና ረጅም ነው። ቀላሉን ትቶ ሴቷን ዓመታት ማንከራተት ከአእምሮም ከፍትሕም የራቀ ነው። ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው በዚህ ችግር ሲታከም ነገሩ በክኒን፣ በመርፌ ወይም በቀላል ቀዶ ህክምና ያበቃል። ስለ «ቱቦ ልጅ» ከማሰብ በፊት ይህ መንገድ ተሞክሮ ማለቅ አለበት።

የእህቶች ሐያእ መጠበቅ እንዳለበትም አንዘንጋ። ሴት ሐኪም ከተገኘች ቅድሚያ ለእሷ ነው። ካልተገኘች ወንድ ሐኪም ለህክምናው አስፈላጊ የሆነውን ያህል ብቻ፣ ባል ወይም የምትታመን ሴት ባለችበት ሊያያት ይችላል። «ወንድ ሐኪም ነው» ተብሎ ህክምናው መተው የለበትም፤ «ህክምና ነው» ተብሎም ድንበሩ መረሳት የለበትም።

አዲሱ ህክምና ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 በእንግሊዝ አገር ኦልድሃም በምትባል ከተማ ሉዊዝ ብራውን የተባለች ሕፃን ተወለደች። በዓለም ላይ ከማህፀን ውጭ ከተፈጠረ ጽንስ የተወለደች የመጀመሪያዋ ሕፃን ናት። ሥራውን የሠሩት ሳይንቲስቱ ሮበርት ኤድዋርድስ፣ ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶና ረዳታቸው ዣን ፐርዲ ነበሩ። ኤድዋርድስ ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው። ሴቷ ለጥቂት ቀናት መርፌ እየተወጋች ብዙ እንቁላሎች እንዲበስሉ ይደረጋል። እንቁላሎቹ በቀጭን መርፌ ከማህፀን አጠገብ ይወሰዳሉ። በቤተ ሙከራ ውስጥ ከባሏ ዘር ጋር ይገናኛሉ። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ያደገው ጽንስ ወደ ማህፀኗ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ በቤልጂየም ብራሰልስ የሚገኙ ተመራማሪዎች አንዲትን የዘር ፍሬ በመርፌ በቀጥታ ወደ እንቁላል የማስገባት ዘዴ ይፋ አደረጉ። ይህ ዘዴ የዘር ፍሬያቸው እጅግ ጥቂት ለሆነባቸው ወንዶች ትልቅ በር ከፍቷል። እህታችን ይህን ነጥብ ልብ እንድትልልን እንጠይቃለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በሙስሊሙ ዓለም በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በዮርዳኖስ ማዕከሎች የተከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በአገራችንም ባለትዳሮች ለዓመታት ገንዘብ እያጠራቀሙ ወደ ህንድ፣ ወደ ታይላንድና ወደ ዓረብ አገሮች ሲሄዱ ከቆዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመንግሥት ተቋም ደረጃ ይህን አገልግሎት የሚሰጥ ማዕከል ሥራ ጀምሯል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት። ይህ ህክምና ዋስትና አይሰጥም። በሠለጠኑት አገሮች እንኳ አንድ ሙከራ ከሚሳካበት የማይሳካበት ይበዛል፤ የሴቷ ዕድሜ በገፋ ቁጥርም ዕድሉ ይጠባል። «መቶ በመቶ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወይ አያውቅም፣ ወይ ገንዘባችሁን ይፈልጋል።

ዑለማዎች ምን አሉ?

የዲናችን ሊቃውንት ይህን አዲስ ነገር ዝም ብለው አላለፉትም፤ ሳያጠኑም አልፈረዱም። በወቅቱ የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት፣ በኋላም የአዝሃር ሸኽ የሆኑት ሸኽ ጃድ አልሐቅ ዐሊ ጃድ አልሐቅ እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 1980 ሰፊ ፈትዋ ሰጡ። ዋናው ሐሳብ ይህ ነው፤ ዘሩ የባል፣ እንቁላሉ የሚስት፣ ማህፀኑም የዚያችው ሚስት ከሆነ፣ የህክምና ምክንያት ካለና ከሌላ ሰው ዘር ጋር እንደማይቀላቀል ከተረጋገጠ ይፈቀዳል። ሦስተኛ ሰው ከገባ ግን አይፈቀድም።

ከዚያም የዓለም ሙስሊሞች ሊግ የፊቅህ ጉባኤ በመካ ተወያየበት። የዚህ ጉባኤ ታሪክ የሊቃውንቱን ጥንቃቄ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1984 ባደረገው ስብሰባ አንድ ሰው ሁለት ሚስቶች ቢኖሩትና አንደኛዋ ማህፀን ባይኖራት፣ የእሷና የባሏ ጽንስ በሁለተኛዋ ሚስት ማህፀን ቢቀመጥ ይቻላል ብሎ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ1985 ግን ይህን ፈቃድ ራሱ ሳበው። ለምን ቢባል፣ ጽንሱን የተቀበለችው ሚስት በዚያው ሰሞን ከባሏ በራሷ ልታረግዝ ትችላለች፤ ያኔ የትኛው ልጅ የማን እንደሆነ ይምታታል። አባቱ አንድ ሆኖ ሳለ፣ የእናት መምታታት ብቻ ጉባኤው ውሳኔውን እንዲለውጥ አደረገው። እንግዲህ አባቱ የማይታወቅበት ነገርማ እንዴት ይታይ?

በመቀጠል በእስላማዊ ትብብር ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1986 በአማን ተሰብስቦ በጊዜው የሚታወቁትን ሰባት ዘዴዎች አንድ በአንድ መረመረ። አምስቱን ከለከለ፤ ሁለቱን በችግር ጊዜ ፈቀደ። የተፈቀዱት ሁለቱ የባልን ዘር በሐኪም እጅ ወደ ሚስቱ ማህፀን ማስገባትና፣ የባልና የሚስትን ዘርና እንቁላል ከውጭ አገናኝቶ ወደዚያችው ሚስት ማህፀን መመለስ ናቸው። የተከለከሉት የሌላ ወንድ ዘር፣ የሌላ ሴት እንቁላል፣ ወይም የሌላ ሴት ማህፀን የሚገባባቸው ናቸው። ማህፀን ማከራየት የሚባለውም ከዚህ ይመደባል፤ እህት ለእህቷ በነፃ ብታደርገውም ፍርዱ አይለወጥም።

ያው አካዳሚ በ1990 ስለ ትርፍ ጽንሶች ሲወስን ሐኪሞች ለሚመለሰው የሚበቃውን ያህል ብቻ እንዲያዳቅሉ፣ የተረፈ ቢኖርም በተፈጥሮው እስኪያበቃ እንዲተው፣ በምንም መንገድ ለሌላ ሴት እንዳይሰጥ ብሏል።

ኒካሕ በፍቺ ወይም በሞት ሲያበቃ ፈቃዱም አብሮ ያበቃል። ባሏ የሞተባት ሴት ባሏ በሕይወት እያለ ባስቀመጠው ዘር ልታረግዝ እንደማትችል አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማማሉ።

ስለ ጉዳዩ ያነበቡ ወገኖች «በኢራን ተፈቅዷል አይደል?» ሊሉን ይችላሉ። እውነት ነው፤ በሺዓ ሊቃውንት ዘንድ ልዩነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 አያቶላህ ኻሚነኢ ከሌላ ሰው መለገስን በተወሰኑ ሁኔታዎች የሚፈቅድ ፈትዋ ሰጥተዋል፤ በ2003ም የአገሪቱ ምክር ቤት የጽንስ ልገሳን በሕግ ፈቅዷል። ይሁንና በዚያም ቢሆን የልጁ ነሰብና ውርስ ጉዳይ ብዙ ክርክር አስነስቷል። የአህለ ሱና ዑለማዎች ጉባኤዎች አቋም ግን ከላይ የገለጽነው ነው።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ?

ኢስላም ነሰብን ከሚጠብቃቸው ታላላቅ ነገሮች አንዱ አድርጎታል። ማን ማንን ማግባት እንደማይችል፣ ማን ከማን እንደሚወርስ፣ ማን ማንን እንደሚጦር፣ ሴት በማን ፊት ሒጃቧን እንደምታወልቅ፣ ይህ ሁሉ የቆመው «የማን ልጅ ነህ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። በአገራችን ልማድ እንኳ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ዘር ይቆጥራሉ። የአንድ ወንድ ዘር ለብዙ ሴቶች በሚሰጥበት አሠራር ግን አንድ ወጣት የአባቱን ልጅ ሳያውቅ ሊያገባ ይችላል።

በሌላ በኩል ልጁ መብት አለው። እርሱ ሳይጠየቅ፣ እርሱ ሳይኖር፣ በእርሱ ማንነት ላይ ውሸት እንዲጻፍ ማን ፈቀደ? ሊቃውንቱ የሌላን ወንድ ዘር መቀበልን በውጤቱ ከዝሙት ጋር የሚያቀራርቡት ለዚህ ነው። ግንኙነት ስለሌለበት የዝሙት ቅጣት አይፈጸምበትም፤ ክልከላው ግን ጽኑ ነው።

ምናልባት ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ሳያውቁ ይህን መንገድ የሄዱ ወላጆች ይኖራሉ። ለእነርሱ የምንለው የተውበት በር ክፍት መሆኑን ነው። ልጁ ምንም ኃጢአት የለበትም፤ ፍቅሩም ክብሩም ሊጎድልበት አይገባም። ስለ ነሰቡና ስለ ውርሱ ግን የሚያምኑትን ዓሊም በምስጢር ያማክሩ።

እህታችን ሆይ!

አሁን ወደ አንቺ እንመለስ። ጠይቀሽ መምጣትሽ ራሱ መልካም ነገር ነው። ልጅ መፈለግሽ አያሳፍርም። ግን «ማንም አያውቅም» የተባልሽው እውነት አይደለም። አላህ ያውቃል፤ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ባለቤትሽም ያውቃል። ባለቤትሽ ዛሬ «ልጄ ነው» ይበል እንጂ፣ በተጣላችሁበት ማታ ምን እንደሚል ዛሬ እርሱም አያውቅም። ዛሬ ደግሞ በምራቅ ጠብታ ዘር የሚመረመርበት ዘመን ነው፤ ልጁ አድጎ በአንድ ምርመራ ሊደርስበት ይችላል። ያኔ የሚያጣው አባቱን ብቻ አይደለም፤ በእናቱ ቃል ላይ ያለውን እምነትም ጭምር ነው። ይህ መንገድ ለአንቺ የተፈቀደ አይደለም። ይህን ስንልሽ ልብሽ እንደሚያዝን እያወቅን ነው።

ነገር ግን ሌላ በር የለም ማለት አይደለም።

አንደኛ፣ የባለቤትሽ ምርመራ ያበቃ አይመስለንም። አንድ ምርመራ ብቻ አይበቃም፤ ቢያንስ ሁለቴ መደገም አለበት። የዘር ፍሬ በፈሳሹ ውስጥ አለመገኘት ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ዘሩ ይመረታል፣ ግን መውጫው ተዘግቷል። በሁለተኛው ምርቱ ራሱ ተዳክሟል ወይም የለም። መውጫው የተዘጋ ከሆነ ሐኪም በመርፌ ወይም በትንሽ ቀዶ ህክምና ከራሱ አካል ዘሩን ወስዶ፣ ከላይ በጠቀስነው የ1992 ዘዴ ከአንቺ እንቁላል ጋር ሊያገናኘው ይችላል። በሁለተኛውም ዓይነት ቢሆን አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ዘር ተፈልጎ ይገኛል። ዘሩ የባልሽ፣ እንቁላሉና ማህፀኑ ያንቺ እስከሆነ ድረስ ይህ በሐላሉ ድንበር ውስጥ ነው። ለሌላ ሰው ዘር ልትከፍሉ ያሰባችሁትን ገንዘብ ለዚህ አውሉት።

ሁለተኛ፣ ይህም በር ቢዘጋ፣ ከባልሽ ጋር በሶብር መኖር ትልቅ አጅር ያለው ምርጫ ነው። ልጅ ፈልገሽ በሸሪዓው መንገድ መለያየትን ብትመርጪም ኃጢአተኛ አትባዪም። ነገር ግን ምርጫሽ ከዕውቀትና ከኢስቲኻራ ይነሳ እንጂ ከዘመድ ወሬ አይነሳ።

ሦስተኛ፣ አባትና እናት ያጣ ሕፃን ማሳደግ አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት ከእርሳቸው ጋር ያለውን ቅርበት በሁለት ጣቶቻቸው አሳይተዋል። የሸሪዓው ሁኔታ የሕፃኑ የአባቱ ስም እንዳይለወጥ ነው። ነብዩ ራሳቸው ያሳደጓቸው ዘይድ የሙሐመድ ልጅ ይባሉ ነበር፤ የአሕዛብ ምዕራፍ አንቀጽ ሲወርድ ግን ዘይድ ኢብን ሓሪሳ ተብለው ወደ አባታቸው ስም ተመለሱ፤ ፍቅሩ ግን አልቀነሰም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የቤተሰብ ሕግም ጉዲፈቻ የሚደረግ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ ይደነግጋል።

«ሲያድግ መሕረም አይሆነንም» የሚለው ስጋትም መላ አለው። ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጡት ቢጠባ የጥቢ ዝምድና ይፈጠራል። ወንድ ሕፃን ብትወስዱና የአንቺ እህት ብታጠባው አንቺ አክስቱ ትሆኛለሽ። ሴት ሕፃን ብትወስዱና የባልሽ እህት ብታጠባት ባልሽ አጎቷ ይሆናል። በሻፊዒይ መዝሀብ አምስት ጊዜ ጠግቦ መጥባት ያስፈልጋል፤ በሐነፊይ ጥቂቱም ይበቃል። በውርስ በኩልም ያሳደጋችሁት ልጅ በቀጥታ ባይወርስም፣ በሕይወት እያላችሁ ስጦታ፣ ከሞታችሁ በኋላም እስከ ሲሶ ድረስ በኑዛዜ ልትተዉለት ትችላላችሁ።

ለባለቤትሽና ለእናቱ

ወንድማችን ሆይ፣ ሚስትህ ለዓመታት የአንተን ገመና በራሷ ስም ሸፍናለች። የባልና የሚስት ምስጢር አማና ነውና እሷ አትናገርም፤ እኛም ተናገሪ አንላትም። አንተ ግን መናገር ትችላለህ። አንድ ቀን ከእናትህ ፊት ተቀምጠህ «እማ፣ ነገሩ ከእኔ ነው፤ እሷን ተያት» ብትል ወንድነትህ አይቀንስም። የሌላ ሰው ልጅ በስምህ እንዲጠራ የደፈርክ ሰው ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር እንዴት ትፈራለህ?

እናታችን ሆይ፣ እርስዎም የልጅ ልጅ መናፈቅዎ ተፈጥሮ ነው። ግን ያቺ ልጅ የሰው ልጅ ናት፤ የእርስዎ ሴት ልጅም በሌላ ሰው ቤት አለች። ለእርሷ እንዲባልላት የሚፈልጉትን ለዚህችም ይበሉላት። ምርቃትዎን እንጂ እርግማንዎን አይስሟት።

ወደ ህክምናው ለሚሄዱ

በሐላሉ መንገድ ወደ ማዕከል ለመሄድ የወሰናችሁ ባለትዳሮች ከመጀመራችሁ በፊት የሚከተሉትን ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

አንድ፣ ዘርና እንቁላላችን ከሌላ ሰው ጋር እንዳይቀላቀል በየደረጃው ስማችን እንዴት ይመዘገባል? ማን ያመሳክራል?

ሁለት፣ ስንት እንቁላል ይዳቀላል? ስንት ጽንስ ይመለሳል? ብዙ ማስገባት መንታና ሦስትዮሽ እርግዝናን ያበዛል፤ ይህ ደግሞ ለእናቲቱም ለሕፃናቱም አደጋ አለው።

ሦስት፣ የሚተርፍ ካለ ምን ይደረጋል? ያለ እኛ ፈቃድ ለማንም እንደማይሰጥ፣ ትዳሩ በሞት ወይም በፍቺ ቢያበቃ ጥቅም ላይ እንደማይውል ይጻፍልን።

አራት፣ በእኛ ዕድሜና ሁኔታ የስኬቱ ዕድል ምን ያህል ነው? ባይሳካ ለሁለተኛው ሙከራ ስንት ይጠየቃል?

«ወንድ ብቻ ምረጡልን» ማለትንም ተጠንቀቁ። የመካው የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2007 ባደረገው ስብሰባ ፆታ ለመምረጥ በህክምና ጣልቃ መግባትን ከልክሏል፤ ወንዶችን ብቻ ወይም ሴቶችን ብቻ የሚያጠቃ የዘር በሽታ ሲኖር ግን በቅድመ ሁኔታ ፈቅዷል። ሴት ልጅን መጥላት የጃሂሊያ ቅሪት መሆኑን አትርሱ።

በመጨረሻም ይህ ህክምና ግዴታ አይደለም። ቤት ሸጦ፣ በወለድ ተበድሮ ማድረግ አይጠበቅባችሁም። አቅማችሁ የፈቀደውን ሰበብ አድርሳችሁ ቀሪውን ለአላህ ስጡ።

ጌታችን ሆይ፣ ልጅ ለሚናፍቁ ባሮችህ ደጋግ ዘሮችን ስጣቸው። ላልሰጠሃቸውም ልባቸውን በአንተ ውዴታ ሙላላቸው። ገመና ሸፋኞችን ሸፍናቸው። አሚን!

እኛ የጻፍነው የሊቃውንቱን ውሳኔ ለማሳወቅ እንጂ ፈትዋ ለመስጠት አይደለም። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሁኔታ ስላለው በአካባቢያችሁ ያለ ዓሊምና የታመነ ሐኪም አማክሩ። ትክክለኛውን የሚያውቀው አላህ ነው።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።